አንድ ነጎድጓድ፣ ሁለት ጊዜ

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ምትኩ ከምሳ በኋላ ድምፄን ላሳርፍ ብሎ አልጋው ላይ ጋደም አለ እንጂ እንቅልፍ እንደማይወስደው ያውቀዋል፤ እንኳን ቀን ማታም ከከዳው ሰንብቷል። ዓይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ጣሪያ ይሄ ከላዩ ያለው አይደለም፤ ያኛው ነው፤ ጆሃንስበርግ ዳር ያለው የሱቁ ጓዳ፣ ዝቅ ያለው ቆርቆሮ፣ በበሩ ስር የሚገባው የቤንዚን ሽታ፣ ከዚያ ያ ቢጫ ነገር። ዓይኑን ይገልጣል። ቆርቆሮው ሌላ ቆርቆሮ ነው። ያለው መካኒሳ አቦ ነው፤ እትዬ አያንቱ ግቢ፣ ከላሞቹ በረት ጎን ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ዘመድ ግን የለውም። እናቱና እህቱ እዚያው ሀና ማርያም፣ ታክሲ ቢያዝ እምብዛም በማይርቅ ቦታ፣ ልጃችን ደቡብ አፍሪካ ነው ብለው ተቀምጠዋል። የሚደውልበት ቁጥር የደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚያወራው የአየር ጠባይ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሰዓቱ እንኳ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ እህቱ «እዚያ ስንት ሰዓት ሆነ?» ስትለው አንድ ሰዓት ቀንሶ መመለስ አለበት፤ አንዴ ረስቶ የዚህን ነግሯት ላብ ሲያጠምቀው አድሯል።

በጉ ጮኸ። እትዬ አያንቱ ለበዓሉ የገዙት በግ ነው፤ ቦታ ጠፍቶ እንደሆነ እንጃ ከእሱ መስኮት ስር አስረውታል። ምትኩ ተነስቶ ተቀመጠ። ፎቅ ላይ ተከራይቻለሁ ብሎ ነው ለእህቱ የነገራት፤ ፎቅ ላይ በግ ምን ይሠራል? ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘፍናል፤ ማይክራፎኑ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ አይመርጥም፤ በጉንም፣ የወያላውን «ላፍቶ ላፍቶ ሀና!» ጩኸትም፣ የአቦን ድምፅ ማጉያም፣ ዝናብ ከመጣ የቆርቆሮውን ውርጅብኝም። የመስኮቱን ክፍተት በብርድ ልብስ ጠቅጥቆታል። በሩ ላይ ፍራሹን ያቆማል። ሰማዩን ግን በምን ይጠቀጥቀዋል? ከጠዋት ጀምሮ በፉሪ በኩል ጠቁሯል፤ ክረምቱ ወጣሁ ብሎ አልወጣም።

እንዲህ ያለው ዘፈን ድሮ አልነበረም። ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ዓለም ነው፤ ሰው ካለበት አገር ሆኖ ይገባና አንድ አሻንጉሊት የሚመስል ሰው ይሆናል፤ አቫታር ይሉታል፤ አቫታሩ ይራመዳል፣ ይጨፍራል፣ ትከሻ ይመታል፤ የእውነት የሆነው ድምፅ ብቻ ነው። ስዊድን የሚኖር ጆኒ የሚባል ልጅ እዚያ ውስጥ ለሐበሻ የሚሆን ሜዳ ሠርቷል፤ በየበዓሉ ከየአገሩ ሰው ሰብስቦ ያዘፍናል። ምትኩ ሱቅ ይጠብቅ በነበረበት ዘመን፣ ደንበኛ ጋብ ሲል፣ ትንሿን ኪቦርድ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ እዚያ ይዘፍን ነበር፤ ሰውም ወዶት ነበር፤ ብቻውን ለነበረ ሰው ያ ሜዳ ዘመድ ነበር ማለት ይቻላል። ለዛሬው ጆኒ ሜዳውን በሙሉ አደይ አበባ አልብሶታል፣ መድረኩ ላይ ባንዲራ ሰቅሏል፣ «አንድ የማልነግርህ ነገርም አለኝ፣ ስትደርስ ታየዋለህ» ብሎታል። የምትኩን አቫታር ፊት የሠራለት ከድሮ ፎቶው ነው። ሙሉ ፊት ነው፤ ይስቃል፤ ሁለት ጆሮ አለው።

የእውነቱ ፊት ሌላ ነው። እሳቱ የመጣው በግራ በኩል ነበር፤ ከአገጩ እስከ ጆሮው ያለውን ቆዳ አጨማደደው፣ ጆሮው ተኮማትሮ ቁራጭ ሆኖ ቀረ፣ ሲስቅ አፉ የሚሄድለት በአንድ ወገን ብቻ ነው። በሩ ስር ቤንዚኑን ማን እንዳፈሰሰው አላወቀም፤ በሰፈሩ ሁከት ነበር፣ እሱ ደግሞ ተኝቶ ነበር፣ በቃ። ከሆስፒታል ሲወጣ የአገሩ ልጆች ቲኬት ቆርጠው አሳፈሩት። አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሚያስበው በቀጥታ ሀና ማርያም መሄድን ነበር፤ በር ማንኳኳት፣ እማዬ ማለት፤ ቦሌ ወርዶ ግን መጸዳጃ ቤት ገባና መስታወት ፊት ቆመ። እናቱ ደም ግፊት አለባት፣ ልቧም ደክሟል፤ እህቱ እፀገነት በስልክ በደወለ ቁጥር «ክፉ ወሬ እንዳታሰማት አደራ፣ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል» ትለዋለች። ምትኩ ብላ ስም ያወጣችለትም ከእሱ በፊት በሞተባት ልጇ ምትክ ነው፤ አንዱን ቀብራለች፣ ሁለተኛውን እንዲህ ሆኖ ብታየው? ይገድላታል፤ እኔ እገድላታለሁ። ትንሽ ይሻለኝ፤ እየተመላለስኩ ልታከም፣ ቆዳው ይለስልስ፣ ቀለሙ ይመለስ፣ ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ ዛሬ ከውጭ እንደመጣ ሰው በሩን አንኳኳለሁ አለ። ለሳምንት ያለው ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ሆነ። አፉን በማስክ ጆሮውን በሻርፕ ሸፍኖ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ታክሲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ድምፅ የሰማ ሲመስለው ከመድረሻው በፊት ይወርዳል። አንድ ቀን ከላፍቶ አደባባይ አጠገብ አንዲት አሮጊት ከኋላ እናቱን መሰለችው፤ ዞሮ ሮጠ። ከእናቱ የሚሮጥ ልጅ። በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ሲተነፍስ፣ እሷ ብትሆንስ ኖሮ፣ ብትጠራኝስ ኖሮ ይላል።

እና ደግሞ ስልኩ። እናቱ በፊት ስልክ ከያዘች አትለቅም ነበር፤ «በዚያ ፊት በሚያሳየው ደውል እንጂ» ትለዋለች፤ «ኔትወርኩ አይችልም እማዬ» ይላታል፤ «የዚያ አገር ኔትወርክ ደግሞ ከእኛ ይብሳል እንዴ?» ትለዋለች። ይስቃሉ። ከሰኔ ወዲህ ግን ድምፅዋን አልሰማም። መጀመሪያ እፀገነት «ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አያስይዙም» አለችው። ቀጥሎ «ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል፣ በስልክ ማውራት ያበሳጫታል፣ ሰላም በይልኝ ብላለች» አለችው። ሌላ ቀን ተኝታለች፤ ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ናት። እፀገነት ራሷም አንድ ቀን እንኳ በምስል ደውል ብላው አታውቅም። ምትኩ ይህን እንደ ዕድል ቆጠረው። አሁን የሚያስፈራው ይሄ ነው። አጥብቆ ከጠየቀ አጥብቀው ይጠይቁታል፤ ስለዚህ አልጠየቀም፤ የእናቱ ከስልክ መጥፋት ተመችቶት ነበር። እንቅልፍ ሲያጣ አንድ ሐሳብ ይመጣል፤ ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ምትኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርበታል፤ ሐሳቡን በስሙ አይጠራውም፤ ስሙን ካልጠሩት አይገባም።

ለዚህ ነው ኮንሰርቱን ለእሷ ያሰበው። «ለዋዜማው እዘፍናለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ አድርጊያት፣ ድሮ እንደምታውቀኝ ሆኜ ታየኛለች» አላት ለእፀገነት። እፀገነት ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለው ዝም አለች፤ ከዚያ «እሺ» አለች።

ተነስቶ ወጣ፤ ሻርፑን እስከ ዓይኑ ስቧል። እትዬ አያንቱ በረቱ በር ላይ ሣር ያራግፋሉ። ሰፈሩ ሁሉ ፎቅና ሱቅ ከመሆኑ በፊት ይህ መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን የቀረችው ግቢና ሁለት ላም ናት።

«እትዬ አያንቱ፣ በጉን ለትንሽ ጊዜ ወደዚያ ጫፍ ቢወስዱልኝ?»

«ምን አደረገህ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«ሥራ አለኝ፣ በኮምፒውተር። ድምፅ እንዳይገባብኝ ነው።»

«ነገ ዓመት በዓል ሆኖ ዛሬ ምን ሥራ ነው?» አሉና ገመዱን መፍታት ጀመሩ። «እናትህ እንኳን አደረሰህ ብላ አልደወለችም?»

እናቴ ውጭ አገር ናት ብሎ ነው የነገራቸው። ለእናቱ እሱ ውጭ አገር ነው፣ ለእትዬ አያንቱ እናቱ ውጭ አገር ናት። «ትደውላለች» አለ።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ፍራሹን በሩ ላይ አቁሟል፣ የጆሮ ማዳመጫውን በደህናው ጆሮ በኩል አጥብቋል። ሜዳው ተከፈተ፤ ቢጫ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ቢጫ፣ ማለቂያ የሌለው አደይ። ከእሳቱ ወዲህ ቢጫ ቀለም ድንገት ሲመጣበት አይወድም። ሰው ሞልቷል፤ ነጠላ የለበሱ፣ ቁምጣ የለበሱ፣ አንዱ ክንፍ አብቅሏል። «እንግዲህ ከጆሃንስበርግ በቀጥታ!» ይላል ጆኒ፣ «ብዙ ወር የጠፋብን ልጅ፣ ምትኩ!» ያጨበጭባሉ። የምትኩ አቫታር ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ይስቃል፤ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ሌላ ነገር አያውቅም። ከፊት ለፊት ብቻዋን የቆመች ቀሚስ የለበሰች አቫታር አለች፤ ከራሷ በላይ እፀገነት የሚል ተጽፏል። እማዬ ከእሷ አጠገብ ተቀምጣ ስክሪኑን እያየች ነው ማለት ነው። በሐሳቡ ሳሎኑን ያየዋል፤ ሶፋው ላይ ያለው ዳንቴል፣ መነጽሯ፣ እግሯን የምታሳርፍበት ዱካ። እያየችኝ ነው። ፊቴን እያየች ነው፣ የድሮውን።

የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለፈ። ከሁለተኛው በፊት ጆኒ «አሁን!» አለና መድረኩ ጎን ተራራ የሚያህል ችቦ ቦግ አለ። ያልነገረው ነገር ይሄ ነበር። እሳቱ ከምትኩ አቫታር በስተግራ ይነዳል፤ በግራ፤ ነበልባሉ ትከሻውን ይልሰዋል፣ አቫታሩ ይስቃል። የምትኩ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደረቁ። ውሸት ነው፤ ሥዕል ነው፤ እሳቱ አይሸትም። ይሸታል ግን፤ ቤንዚን፣ ብርድ ልብስ፣ ፀጉር፤ በሩን ሲገፋው ከውጭ የሆነ ነገር ደግፎታል፣ ማነው የደገፈው፣ እማዬ ብሎ ነው የጮኸው፣ በዚያ አገር ማንም በማያውቀው ቋንቋ እማዬ። «ምትኩ፣ እየተሰማህ አይደለም» ይላል ጆኒ በጆሮው። «ወንድሜ? መስመሩ ተቋረጠ?» ምትኩ ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ ግድግዳው ላይ ተከለው። «አለሁ» አለ። ግድግዳውን እያየ ጀመረ፤ የራሱ ዘፈን ነው፣ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ የገጠመው፦

ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ሲጠራ፣
ያልመጣ ሰው አለ ስሙ የሚጠራ።

ሲጨርስ ጽሑፉ እንደ ጉድ ይወርድ ጀመር፤ ልብ፣ አበባ፣ ባንዲራ፣ «አስለቀስከን»፣ «እግዜር ለአገርህ ያብቃህ»። ከመሃሉ «ይሄ ለእናቴ ነው» አለ ምትኩ። «ሀና ማርያም ሆና እያየችኝ ነው። እህቴ፣ እማዬ ሰማች?»

እፀገነት ጻፈች፦ «ሰማች።»

በዚህ ቢተወው ምን ነበረበት? ያ በደጃፉ የቆመው ሐሳብ ግን ገፋው፤ ወይም መድረክ ላይ ያለ ሰው የማያደርገው የለም፤ ሳያስበው «እንግዲያው እልል በይልኝ እማዬ! ማይክሽን ክፈቺላት እፀዬ» አለ። ሕዝቡ ደስ አለው። «እልል! እልል!» ይላሉ። ጆኒ ሙዚቃውን ቀንሶ «እናታችን፣ ጠብቀናል» አለ። ሁሉም ዝም አሉ። እፀገነት አልጻፈችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። ምትኩ የገዛ ትንፋሹን ይሰማል። በመጨረሻ ከራሷ በላይ የማይክ ምልክት በራ፤ የሀና ማርያም ቤት ገባ፤ የቤቱን ዝምታ አወቀው፤ የሰዓቱን ቃ ቃ እንኳ አወቀው። ከዚያ እልልታ መጣ። ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ፣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ እልልታ። የወጣት ጉሮሮ ነው። የእናቱ እልልታ ሻካራ ነው፣ አጭር ነው፣ መሃሉ ላይ ታስላለች። አርጅታለች ድምፅዋ ተለውጧል አለ ለራሱ፤ እርጅና ድምፅን ወጣት ያደርጋል እንዴ?

ያኔ ነው ነጎድጓዱ የመጣው። መካኒሳን ሰንጥቆ፣ ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ፣ ብርድ ልብሱን ፍራሹን ከምንም ሳይቆጥር፣ በማይክራፎኑ ገብቶ ወደ ስዊድን፣ ወደየአገሩ ሄደ። እሱ ሳያባራ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ፣ ከእፀገነት ማይክ፣ ከሀና ማርያም ሰማይ፣ ራሱ ነጎድጓድ ተመልሶ መጣ። ያው መነሻው፣ ያው መሃሉ ላይ ያለው ስብራት፣ ያው መጎተቱ። «ኧረ ሰማዩም እልል አለ!» ብሎ ሳቀ ጆኒ። ምትኩ አልሳቀም፤ አቫታሩ ሳቀ። የእፀገነት ማይክ ጠፋ። ቀሚስ የለበሰችው አቫታር ቦታዋ ላይ ቆማ ቀረች፤ ሰው ጥሏት የሄደ ልብስ መሰለች። እሱ እንዴት እንደጨረሰ አያውቀውም፤ ሌላ ሁለት ዘፈን ዘፍኗል፤ ሰዎች በኋላ ጥሩ ነበር ብለዋል።

ስልኩ የጠራው ማዳመጫውን ሳያወልቅ ነው።

«የት ነህ?» አለች እፀገነት። እንኳን አደረሰህ የለ፣ ምን የለ።

«እንዴት የት ነህ? ቤት ነኛ። ጆሃንስበርግ...»

«ምትኩ፤ አንድ ነጎድጓድ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። አንዴ በመስኮቴ፣ አንዴ ካንተ። የት ነህ?»

ዝናቡ ጀምሯል። እሱጋ ይዘንባል፣ በስልኩ ውስጥም ይዘንባል። ምን ብሎ ይዋሻል? «መካኒሳ» አለ። «አቦ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እትዬ አያንቱ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ፣ ላሞች ያሉበት።»

ጩኸት ጠበቀ፤ ስድብ ጠበቀ፤ እንዴት ትጫወትብናለህ እንድትለው ጠበቀ። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትንሽ ጊዜ ሆነኝ። እፀዬ፣ ምክንያት አለኝ፣ ሳገኝሽ...»

«ብቻህን ነህ?»

ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? «ብቻዬን ነኝ።»

«ስማኝ። የትም እንዳትሄድ። እዚህም እንዳትመጣ። እኛ እንመጣለን፣ ጠዋት። እስክንመጣ ድረስ ከግቢው እንዳትወጣ፣ በእማምላክ።»

«እኛ ማን? እማዬን ስጪኝ። እኔ ራሴ ልንገራት።»

«ተኝታለች» አለች እፀገነት፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጠነ፤ ዘጋችው።

ዝናቡ ሲያባራ ሰፈሩ ችቦውን አወጣ። ከየአጥሩ ጢስ ይነሳል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ እትዬ አያንቱ በሩን መትተው «ና እሳት አብረን እንይ፣ በዋዜማ ሰው ብቻውን አይሆንም» አሉት፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ። አልጋው ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ በመስኮቱ ክፍተት የሚገባውን ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ያያል። የሚፈራው ምኑን እንደሆነ መለየት አቃተው። እሳቱን ነው? ፊቱን ማሳየትን ነው? ጠዋት ይመጣሉ፤ ጋሽ መዝገቡን ይዛ ትመጣለች፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ እሳቸው ናቸው፣ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ለቤቱ ነገር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ «የገዛ እናትህን ያታለልክ» ይሉታል፤ ይበሉት፤ እግራቸው ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ለእናቱ ያዘጋጁለታል፣ መጀመሪያ መጥቷል ይሏታል፣ ቀጥሎ ትንሽ ተጎድቷል ይሏታል፣ ከዚያ በሩ ላይ ይቆማል። ይህን መላልሶ አቀናበረው። ሲጨርሰው የእፀገነት «ብቻህን ነህ» ይመጣና ያፈርሰዋል። ብቻውን ቢሆን ባይሆን ምናቸው ነው? ያ ሐሳብ አሁን ከደጃፉ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ምትኩ አያየውም፤ ያ ሐሳብ ግን እሱን ያየዋል። እስኪነጋ ሁለቱ ተያይዘው አደሩ።

ገና ጎህ ሲቀድ የቆርቆሮው በር ተመታ። ቀስ ብሎ፤ እንደ ለማኝ ነው የተመታው፣ እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም። እትዬ አያንቱ ሲከፍቱ ይሰማል፣ ዝቅ ያለ ንግግር ይሰማል። ምትኩ ሻርፑን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ዛሬ አይሸፍንም። በሩን በትንሹ ገፋ አድርጎ አየ።

ጋሽ መዝገቡ ከፊት ናቸው፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው ሁለት የጎረቤት ሴቶች አሉ። ከእነሱ ኋላ እፀገነት። ነጠላቸውን አየ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ጥለቱን አሳምሮ በሚለብስበት ጠዋት፣ ሁሉም አዘቅዝቀውታል። ከዚያ የእፀገነትን ልብስ አየ። ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥቁር ነው፤ አዲስ ጥቁርም አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ የታጠበ፣ የነጣ ጥቁር ነው። ፀጉሯ ተቆርጦ ብቅ ብቅ ብሏል። በምስል ደውል ያላለችው ለዚህ ነበር።

ወጣ። እግሩ እንዴት እንዳወጣው አያውቅም። እፀገነት ቀና ስትል ፊቱን አየችውና ባለችበት ቆመች። «ይሄ... ይሄ ምንድነው?» አለች። «ምንድነው ያደረጉህ?» ጋሽ መዝገቡም አይተውታል፤ ዓይናቸው ለአፍታ ጠባሳው ላይ ቆየ፤ ግን ለሌላ ነገር የመጡ ሰው ናቸውና አለፉት። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ በግራና በቀኙ ቆሙ፤ ክንዱን ያዙ። ከሚወድቅ ሰው ጎን እንዲህ ነው የሚቆመው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «በበዓል ቀን መርዶ አይነገርም ነበር። አንተ እዚህ ቅርብ መሆንህን ስንሰማ ግን ቀድመኸን በሩን እንዳታንኳኳ ፈራን። ከደጅ ከምትሰማው ከእኛ ብትሰማው ይሻላል ብለን ነው። እናትህ አርፋለች።»

«መቼ?»

«በሰኔ። የሚካኤል ማግስት። እዚያው ሀና ማርያም ነው ያሳረፍናት፤ ሰው ሁሉ ወጥቶላታል፣ የጎደለባት የለም።»

«በሰኔማ እዚህ ነበርኩ» አለ ምትኩ። ድምፁ የተለመደ ድምፅ ነው፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው የሚናገርበት። «በሰኔ እኮ እዚህ ነበርኩ። መካኒሳ ነበርኩ።»

እትዬ አያንቱ የወተት ቅሉን እንደያዙ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ነው። «እናቱ ውጭ አገር አይደለችም እንዴ?» አሉ። ነገሩ ሲገባቸው ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በኦሮምኛ ማልቀስ ጀመሩ፤ ላላዩዋት ሴት፣ ስሟን ለማያውቁት ሴት። ሁለቱ ጎረቤቶች ተቀበሏቸው። ግቢው ሁሉ አለቀሰ፤ ምትኩ ብቻ ቆሟል። አፉን ይከፍታል፣ ምንም የለም። ትናንት ለአገር ሁሉ የተሰማው ድምፅ ከደረቱ ላይ አልነሳ አለ። ጋሽ መዝገቡ ተጠግተው «ጩህ ልጄ፣ አትያዘው፣ ውስጥ ከገባ መጥፎ ነው» ይሉታል። አይወጣም። ፍርሃቱ ብቻ ነው ያለው፤ ያ ሁሉ ወር የፈራው ነገር ደርሶ እያለ ፍርሃቱ አልሄደም፤ አሁን ደግሞ ምኑን ነው የሚፈራው?

እፀገነት ቀረበች። እጇን አነሳች፣ ጥቂት አመነታችና የተኮማተረውን ጆሮውን ነካችው። «ለምን አልነገርከንም?» አለች።

«ትደነግጣለች ብዬ ነው» አለ። «ልቧ... ድንጋጤ አይንካት ብለሽኝ ነበር። ትንሽ ሲሻለኝ ብዬ ነው። እናንተስ?»

«እሷ ናት» አለች እፀገነት። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም፤ ለወራት ስትለማመደው የቆየች ይመስላል። «የመጨረሻው ቀን ነው። እጄን ይዛ፣ ለምትኩ እንዳትነግሩት አለችኝ። በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ያቅፈዋል? በሰው መሃል ሲሆን ንገሩት አለች። አስምላኝ ነው የሞተችው። ትናንት እልል በይልኝ ስትላት...» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ምትኩ ወደ መሬት ያዘመመው ያኔ ነው። ሴቶቹ ያዙት፤ ጋሽ መዝገቡ ከዘራቸውን ጥለው በደረቱ በኩል ደገፉት፤ እትዬ አያንቱ ከኋላው መጥተው ወገቡን አቀፉ። በዚያ ሁሉ እጅ መሃል «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። ዜማ አልነበረውም፤ ሻካራ ነው፣ መሃሉ ላይ ያስላል። በአጥሩ ማዶ በዓላቸውን ሊያከብሩ የወጡ ሰዎች ቆም አሉ። ደግሞ ጮኸ።

«እሰይ» አሉ ጋሽ መዝገቡ፣ ክንዱን ሳይለቁ። «እንዲህ ነው ልጄ። ይውጣልህ።»